ድምፁን ብቻውን እንዳትሰማው

ለታላቅ ወንድሜ ለሉቃስ ዶላሞ፤

ሰላምታዬ ከሱቅህ ደጃፍ ጎንበስ ብሎ ይግባ። እንዴት ነህ ወንድሜ? ጤናህስ? በልጅነትህ ብርድ ሲነካህ ይነሳብህ የነበረው የጎን ውጋት አሁን ተወህ ወይ? የዚያ አገር ክረምት ከአገራችን ከገዘር ቆፈን ይብሳል ይላሉ፤ ልብስ ትደርባለህ? ሥራውስ እንዴት ነው? ሰፈሩ ሰላም ነው? ሲያምህ ውኃ የሚያቀብልህ ሰው አለህ? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለወጉ ያህል አይደለም። ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፅህን ስላልሰማን የምናውቅህ ከሰው አፍ ብቻ ነው። እኛ ለጌታ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም በሕይወት አለን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ነው የምትሄደው። ደምሰው ሁለተኛ ልጁን ወልዷል፤ ሴት ናት፤ ሩቲ ብለናታል። ግንባሯ ያንተው ነው፤ ሳቅ ብላ ወዲያው ስትኮሳተር ደግሞ ቁርጥ አንተን ናት።

እኔ ኤፍራታ ነኝ። ስትሄድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ አሁን በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ጂንካ ሥራ ይዣለሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ከዚያው አንተ ካለህበት ለወንድሙ ሠርግ መጥቶ የነበረው የጎረቤታችን ልጅ ሀብታሙ ነው። ለምን በስልክ አልላክሽም እንዳትለኝ፤ የምናውቀው ቁጥርህ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ለምን እንደዘጋኸውም አውቃለሁ። ከደብዳቤው ጋር አንዲት ጥቁር ፍላሽ አለች። እባክህ ደብዳቤውን አንብበህ ሳትጨርስ ፍላሿን አትክፈታት። ይህን ለምኜሃለሁ።

ከየት እንደምጀምር ስለቸገረኝ ከሚያመው ልጀምር። በ2005 ዓ.ም. ለአባዬ ሳትነግረው፣ ሳትሰናበተው ሄድክ። ከዚያ ወዲህ በደወልክ ቁጥር ስልኩን ስንሰጠው እጁን እያወዛወዘ ወደ ጓሮ ይወጣ ነበር። በ2009 ነሐሴ ላይ አባዬ ሲሞት መምጣት አልቻልክም። በዓመቱ አጎታችን ጋሽ ወርቅነህ፣ አባዬ በ2006 ስለ እንሰትና ስለ ጎደሬ አተካከል ሲናገር የቀረጹት ሰዎች ቪዲዮውን ጂንካ እንዳስቀመጡት ሰሙና ፊቱን ልይ ብለው ሄዱ። ፊቱን አላዩም፤ የሰሙት ድምፁን ብቻ ነው። ተመልሰው ሲመጡ የነገሩንን አንተም በስልክ ሰምተሃል። ጠያቂው መሬትዎን ለልጆችዎ እንዴት አካፈሉ ሲለው አባዬ ከቤቱ በላይ ያለው የደምሰው ነው፣ መንገድ ዳር ያለው የትንሿ ልጄ የኤፍራታ ነው አለ። የበኩር ልጅዎስ ሲባል ግን ዝም አለ፤ ዱላውን መሬት ላይ ወረወረና ሄደ። ጋሽ ወርቅነህ ለአንተ ያሉህ፣ አባትህ ካሜራ ፊት ክዶሃል፣ ስምህን እንኳ ሊጠራ አልወደደም የሚል ነበር። ያን ቀን ስልኩን ዘጋህ፤ እስካሁን እንደተዘጋ ነው።

እኔም አምኜ ነበር ሉቃስ። ይህን ደብቄህ ሌላውን ብጽፍልህ ውሸታም እሆናለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አለቀስኩ፣ ከዚያ እንደማንኛውም የቤታችን ነገር ለመድኩት። ያላመነችው እማዬ ብቻ ናት። ቀረጻው የተካሄደ ዕለት ገበያ ሄዳ ስለነበር የምትመሰክረው ነገር አልነበራትም። አብሬው የኖርኩት እኔ ነኝ ትላለች።

አሁን የምሠራው እነዚያ ቅጂዎች በተቀመጡበት የመዝገብ ክፍል ነው። የስድስት ወር ኮንትራት ነው፤ ሰኔ ላይ ያልቃል። ኃላፊዬ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ይባላሉ፤ ከእኔ በፊት የነበሩትን ሦስት ባለሙያዎች አይተው የሸኙ ሴት ስለሆኑ ዲግሪ ብዙም አያስደንቃቸውም። የገባሁ ዕለት በአቧራ ጨርቅ ከተሸፈነው ኮምፒውተር ፊት አቆሙኝና አንቺ ልጅ፣ ወረቀትሽን አይተናል፣ እስቲ ይሄን ሬሳ አስነሺልን አሉኝ። ከሁለት ሺህ በላይ ቪዲዮ አለበት፤ ከሃና፣ ከካንጋተን፣ ከገዘር፣ ከየወረዳው የተሰበሰበ። ፋይሎቹ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያውቀው አንድ የቆየ የመዝገብ ፕሮግራም ነው። የሰው ስም ትጽፍበታለህ፣ ዝርዝሩን ያወጣል፣ ቪዲዮ ክፈት የሚለውን ትጫነዋለህ። ስጫነው ምንም የለም። ደጋግሜ ብጫነውም ያው ነው።

የሰው ሁሉ እምነት ቪዲዮዎቹ ተበላሽተዋል የሚል ነበር። እኔ ግን ገና ሥራ የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ እንቅልፍ የሚወስደኝ ነገሩ ሲገባኝ ነው። ፕሮግራሙን ፈታትቼ ሳየው ለካ እሱ ራሱ ቪዲዮ ማጫወት አይችልም። ስሙን ፈልጎ ካገኘ በኋላ ሌላ ማጫወቻ ጠርቶ ይህን ክፈትልኝ ነው የሚለው። አንተ ሱቅ ውስጥ ቆመህ ዕቃ ስትጠየቅ ከጓዳ አምጣ ብለህ ልጅ እንደምትጠራው ማለት ነው። ኮምፒውተሩ በመሐል ፎርማት ተደርጎ ስለነበር የድሮው ማጫወቻ በቦታው የለም። ፕሮግራሙ ግን በየቀኑ ባዶ ጓዳ ይጣራል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ የማጫወቻውን አድራሻ የሚጻፍበትን ቦታ አገኘሁና ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን አንድ አሮጌ ማጫወቻ አመላከትኩት። ከዚያ የመጀመሪያውን ስም ጻፍኩ። የማንን እንደጻፍኩ ታውቃለህ።

ተከፈተ፤ ግን መስኮቱ ጥቁር ነው። ከጥቁሩ ውስጥ የአባዬ ድምፅ መጣ። ከሰባት ዓመት በላይ ያልሰማሁት ድምፅ፣ በእኛው በአሪኛ፣ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን እንደዚያ እንደምታውቀው ጠርጎ። ስለ እንሰት አወራ፣ ስለ ጎደሬ አወራ፣ ሳቀም። ከዚያ ጥያቄው መጣ። ደምሰውን ጠራ፤ እኔን ጠራኝ። የበኩር ልጅዎስ ሲባል ዝም አለ። የእግር ኮቴ ተሰማ፣ ራቀ፣ ተመለሰ። ከዚያ አንድ ነገር መሬቱን ድው አደረገው። ከዚያ ዶሮ ሲጮህ ብቻ ነው የሚሰማው። በመጨረሻ ጠያቂው እሺ አባባ፣ እናመሰግናለን አለ። ጋሽ ወርቅነህ የሰሙት ልክ ይህንኑ ነበር።

ሁለት ቀን አልነካሁትም። ለወይዘሮ ወለተ ማርያም አሞኛል አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። በጥቁሩ መስኮት ሥር ደቂቃ የሚቆጥር ቁጥር ነበር፤ ከጥያቄው እስከ ምስጋናው ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ ሄዷል። ሰው ተቆጥቶ ጥሏቸው ከሄደ ካሜራው ሁለት ደቂቃ ሙሉ ምን ይቀርጻል? ባትሪያቸውን የሚቆጥቡ ሰዎች ባዶ ግቢ ይቀርጻሉ? ተመልሼ ቢሮ ገባሁ።

ድምፅና ምስል በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጡ እንጂ የሚታሸጉት በየራሳቸው መንገድ ነው። አሮጌው ማጫወቻ የድምፁን እሽግ መፍታት ያውቃል፤ የዚያ ካሜራ ምስል የታሸገበትን መንገድ ግን አያውቀውም። ስለዚህ የሚያውቀውን አጫውቶ በማያውቀው ፈንታ ጥቁር ያሳያል እንጂ አልቻልኩም አይልም። ፋይሉን ገልብጬ በራሴ ላፕቶፕ ልሞክረው ብል ወይዘሮ ወለተ ማርያም ያለ ደብዳቤ ከዚህ ክፍል ፋይል አይወጣም፣ የአባትሽም ቢሆን አሉኝ። እንግዲህ አዲስ ማጫወቻ እዚያው ማምጣት ነው ብዬ የስልኬን ኢንተርኔት ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁ። ድረ ገጹ አልከፈት አለ። ሌላ ሞከርኩ፤ እሱም እንቢ አለ። ግማሽ ቀን ኔትወርኩን ስረግም ቆይቼ በስተመጨረሻ የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ በእርጋታ ባነበው፣ የኮምፒውተርዎ ቀን የተሳሳተ ነው ይላል። ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየሁት፤ 2017 ይላል። ልክ ነው እኮ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ነው የደነገጥኩት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእነሱ ደግሞ ዘንድሮ 2025 ነው። ስምንት ዓመት ወደኋላ ቀርቶ ተቀምጧል፤ ድረ ገጾቹም ከስምንት ዓመት በፊት ያለ ማሽን አናምንም ይሉታል።

ማን ነካው ብዬ ስጠይቅ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ሳይደነግጡ እኔ አሉ። ለካ ደብዳቤ ሲያትሙ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር እንዲወጣላቸው ዓመቱንም ወሩንም፣ ሰዓቱን ጭምር አስተካክለው ኖሯል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩም ሦስት ነው የሚለው። ሰው አገር ሲገባ አገሩን ይለምዳል፣ ይሄ ብረት ቢለምድ ምን ይለዋል አሉኝ። ከገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን። ቀኑን አስተካከልኩ፣ አዲሱ ማጫወቻ ወረደ፣ ጫንኩት፣ ፕሮግራሙን አድራሻህ ከእንግዲህ ይህ ነው አልኩት። የአባዬን ስም ጻፍኩ። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

አሁን ያየሁትን ልንገርህ። አባዬ ያን ቡናማ ኮት ለብሷል፤ መካከለኛው ቁልፍ የለውም። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶታል። ከቤቱ በላይ ያለው የደምሰው ሲል በእጁ ያሳያል፤ መንገድ ዳር ያለው የኤፍራታ ሲልም ያሳያል። የበኩር ልጅዎስ ሲባል ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይወጣም። ፊቱን አዞረና ወደ ቤቱ ጣሪያ ሥር ሄደ። ካሜራው ጥቂት ቆሞ ተከተለው። አባዬ ሲመለስ በሁለት እጁ የያዘው ያንተን ዶማ ነው። አንተ በጋለ ብረት ሉ ብለህ ያተምክበት እጀታ በደንብ ይታያል። ዶማውን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ወንዙ ዳር፣ ያ ጎደሬ የማይከዳበት ጥቁር አፈር ጋ ወረደ። ከፍ አደረገና ከመሬቱ ጠርዝ ላይ ተከለው። ድው ያለው እሱ ነው ወንድሜ። የተወረወረ ዱላ የለም። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ እጀታው ላይ ሰቀለ፤ ራሱን ገልጦ፣ ፊቱን አንተ ወደሄድክበት መንገድ አዙሮ ቆመ። ዶሮው የሚጮኸው ያኔ ነው። ጠያቂው ምን እንደሆነ ስላልገባው ወይም ስለገባው፣ እሺ አባባ፣ እናመሰግናለን አለ።

ወይዘሮ ወለተ ማርያም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወረቀት አወጡና ቅጂው ለቤተሰብ እንዲሰጥ ፈቅደው ማኅተም አሳረፉበት። ቀኑን በእጃቸው ነው የጻፉት፤ በእኛ አቆጣጠር።

በሳምንቱ አርብ እማዬን፣ ደምሰውንና ጋሽ ወርቅነህን በሚኒባስ አስመጣኋቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ አባዬን ታያላችሁ ብቻ ነው ያልኩት። እማዬ ምስሉ እንደመጣ መጀመሪያ ያየችው ኮቱን ነው። ያችን ቁልፍ ልተክልለት እያልኩ ገበያ ሄድኩ አለች። ዶማውን ይዞ ሲወርድ እጇን ዘርግታ መስታወቱን ነካችው፤ አላለቀሰችም። የሚወደውን ሲጠይቁት መቼ ተናግሮ ያውቃል፣ እኔን እንኳ ያጨኝ የአባቴን ግቢ አጥር አጥሮ ነው አለች። ደምሰው ደግሞ፣ ያን ዶማ እኮ እዚያ ቆሞ ሳገኘው ሰው ረስቶት መስሎኝ ላነሳው ሄጄ ነበር፣ አባዬ ከሩቅ ተወው ብሎ ጮኸብኝ፣ እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኩም አለ።

ጋሽ ወርቅነህ ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። አሁንም ድገሚው አሉ። በሦስተኛው ተነሥተው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት አሉ፤ ማንም አልከሰሳቸውም ነበር። እሁድ ዕለት በጉባኤው ፊት ቆመው በወንድሜ ልጅ ላይ ያልሆነ ነገር ተናግሬአለሁ፣ ጆሮዬን አምኜ ነው፣ ይቅር በሉኝ አሉ። ለአንተ እንድጽፍልህ ያሉኝ ደግሞ፣ እኔ ለሉቃስ ስደውል ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ ይህንንም ንገሪው የሚል ነው። አርጅተዋል ሉቃስ። ልትቆጣቸው መብት አለህ፤ ግን አርጅተዋል።

አሁን ስለ ፍላሿ። ሱቅህ ውስጥ ኮምፒውተር እንዳለህ ሀብታሙ ነግሮኛል። ሁለት ቅጂ አድርጌልሃለሁ፤ አንዱ እንዳለ ነው፣ ሌላውን ማንኛውም ማጫወቻ እንዲከፍተው ወደ ቀላል ቅርጽ ቀይሬዋለሁ፤ ከሁለተኛው ጀምር። እንቢ ካለህ አዲሱን ማጫወቻ እዚያው ፍላሿ ላይ አብሬ አስቀምጬዋለሁና መጀመሪያ እሱን ጫነው። ሌላው ቢጠፋህ ይህችን ብቻ ያዝልኝ፤ መስኮቱ ጥቁር ከሆነ ወዲያውኑ ዝጋው። ምስሉ እስኪመጣ ድረስ ድምፁን ብቻውን እንዳትሰማው። ሰባት ዓመት ሰምተኸዋል፤ ይበቃል።

ስለ ራሴ ትንሽ ልጨምርልህ። በዚያ መዝገብ ውስጥ ምስል የለውም ተብሎ የተጻፈባቸው ከሁለት መቶ በላይ ቅጂዎች አሉ። ቀን ሥራዬን ስጨርስ እየቆየሁ አንድ በአንድ እየከፈትኳቸው ነው። ትናንት ሃና ወረዳ የተቀረጸች አንዲት እናት አየሁ፤ ልጆቿ ድምፅ ብቻ ነው ያለው ተብለው የተመለሱ። ስልካቸውን እያፈላለግኩ ነው። ሰኔ ላይ ኮንትራቴ ሲያልቅ ምን እንደምሆን አላውቅም፤ ሐዋሳ ሄደሽ ተወዳደሪ የሚሉኝ አሉ፣ እኔም አንዳንዴ እግሬ ይነሳል። ግን እነዚህን ሳልጨርስ የሚሆንልኝ አይመስለኝም። ታውቀኝ የለ፣ አንድ ነገር ከያዝኩ አለቅም፤ የጫማህን ማሰሪያ ስፈታ ስቋጥር ነበር የምውለው።

ከአርቡ ማግስት ሁላችንም ወንዙ ዳር ወረድን። ያን መሬት አባዬ ካለፈ ወዲህ ማንም አላረሰውም፤ ደምሰው ፈራው፣ እማዬም አልፈቀደችም፤ ሣሩ ደረት ይደርሳል። ደምሰው በማጭድ እየገለጠ ከጠርዙ ላይ አገኘው። እጀታውን ምስጥ ጨርሶታል፣ ሉ የሚለውም አብሮ ሄዷል። ብረቱ ግን አለ፤ አባዬ እንደተከለው አፉን መሬት ውስጥ ቀብሮ።

እማዬ ጉንጮችህን ስማሃለች፤ ቁጥርህን ላክልን፣ አልቆጣውም በይው ብላለች። ደምሰውና ባለቤቱ ሰብለ እጅ ነሥተውሃል፤ ሩቲ አታውቅህም እንጂ ፎቶህን አጎቴ ማለት ለምዳለች። ጋሽ ወርቅነህ ሰላምታዬን ይቀበለኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብለዋል፤ እኔም ይኸው ጠየቅኩህ። ወይዘሮ ወለተ ማርያምም ሳያውቁህ ሰላም ብለውሃል፤ የኮምፒውተርህን ቀን እንዳትነካ ብለውሃል።

ደምሰው የዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ለዶማው አዲስ እጀታ ሊያስገባ ሲል እማዬ ከለከለችው። ብረቱን ከመሬት እንዳታነሱት፣ እጀታውን ባለቤቱ መጥቶ ይቁረጥለት አለች። እዚያው እንዳለ ነው።

እህትህ ኤፍራታ ዶላሞ
ጂንካ፤ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.